ከጋራዡ ደጃፍ ሦስት ሜትር

ገና ባልጠነከረ ኮንክሪት ላይ የተገደለን ሰው ማንሳት እንዲህ በዋዛ የሚሆን ነገር አይደለም። አራት ፖሊሶች ጣውላ አንጥፈው፣ ሁለቱ በብብቱ ሁለቱ በእግሩ ይዘው ሲገለብጡት መነጽሩ ሲሚንቶው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍቷል። አጠገቡ አንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም ፌሮ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉርና ደም ተጣብቆበታል። ከፖሊሶቹ አንዱ አፉን ይዞ ወደ አጥሩ ሮጠ።

ሟቹ መነጽር ሠሪ ነበር። ከበሩ እስከ ጋራዡ የሚዘልቀውን ዳገታማ የመኪና መግቢያ አፍርሶ እንደ አዲስ በኮንክሪት እያስሠራ ነበር። ሥራው ባለቀበት ቀን፣ ከጋራዡ በር ሦስት እርምጃ ወጥቶ እዚያው ተደፋ።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቅጥነቷን አይተው ብቻ አይደለም፣ ገብታ የማትወጣበት ቀዳዳ ስለሌለ ነው። እሷ ደግሞ «ክሩን የምታጠፉት እናንተ ናችሁ» ትላቸዋለች። አባቷ ግንበኛ ስለነበር ያደገችው አሸዋ ክምር ላይ ነው። የሟቹን ጉንጭ በጣቷ ደባበሰችው። ደሙ ሥር በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ታትመውበታል። ቀጥላ መዳፏን ኮንክሪቱ ላይ ጫን አድርጋ አነሳችና አየችው። 

ያኔ ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

«ገዳይ! እንዳይለቀቅ! በለው!»

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። መሬት ላይ የተጠቀለለው ሰውዬ ኮንክሪቱን የሠራው ግንበኛ ነው፤ ሁሉን ነገር ሳይለካ ስለማይነካ በሜዳ መለኪያው ስም «ውሃልክ» ይሉታል። ኮንክሪቱን ዝናብ እንዳይመታው ላስቲክ ላለብሰው ብሎ ሲመጣ ሬሳው ከተገኘበት ሰዓት ጋር ገጠመ። አንዱ በእርግጫ ጎኑን ሲለው ሌላው ድንጋይ በሁለት እጁ አንስቷል። ከመርፌ ጋር የመጣው ሳጅን ሽጉጡን ወደ ሰማይ ባይተኩስ ኖሮ የዚያን ቀን ሁለተኛ ሬሳ ይነሳ ነበር። ውሃልክ ቀና ሲል መዳፉ ላይ ሁለት ጥርሱን ይዟል።

«መኪና ውስጥ አስገቡትና ቆልፉበት» አለች መርፌ። «እንዳይነኩብኝ።»

የሟች ሚስት በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። አሥር ሰዓት ላይ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ዓይኗ ደርቋል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

ሳጅኑ ክው አለ። መርፌ አጠገቧ ቁጭ አለች። «በምን ገደልሽው እህቴ?»

«በመምረጥ። ከሁለት ዓመት በፊት ይሄ መግቢያ ሲሠራ ሻካራው አስቀያሚ ነው፣ ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ይሁን ብዬ ድርቅ አልኩ። ዝናብ ዘነበ። ጋራዡ ደጃፍ የቆመችው መኪና የእጅ ፍሬኗ እንደተያዘ በልሙጡ ላይ ተንሸራታ ወረደችና ልጄን ከበሩ ጋር ደፈጠጠቻት። ስድስት ዓመቷ ነበር። አሁን ደግሞ ሻካራ ይሁን፣ የሚሠራውም ያ ግንበኛ ይሁን ብዬ መረጥኩ። ባሌን ጨረሰልኝ። እኔ የመረጥኩት ሁሉ ገዳይ ነው።»

«መኪናዋን ያቆማት ማን ነበር?»

«የባሌ ታናሽ ወንድም፤ አብሮን ነው የሚኖረው። እሱ ምን ያድርግ? ከእኔ እኩል አልቅሷል።» የመርፌን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ንገሪኝ። እኔ ነኝ አይደል?»

መርፌ የሴትዮዋን እጅ በእጇ ሸፈነች። ሲሰማት የነበረው ንዴት ነው፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

ታናሽየው ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዳየቻት ጮኸባት። «ምን ትጠብቃላችሁ? ያንን አውሬ አንቃችሁ ስቀሉልኝ!»

«ይደርሳል። እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከተማ ስዞር ቆይቼ አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ጩኸት ተቀበለኝ።»

«ነፍስ ይማር። ጋራዡ ውስጥ የውሃ ጎማው እርጥብ ነው። ኮንክሪቱን ያጠጣው ማነው? ጎበዝ ሰው ነው። ውሃ ካላገኘ ይሰነጠቃል ይሉ የለ?»

ትከሻው ረገብ አለ። «እኔ ነኝ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከመውጣቴ በፊት አርከፈከፍኩበት። የቤት ነገር አይደል?»

«ከዚያ ወዲያስ ውሃ የነካው የለም?»

«ማን ይነካዋል?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ጻፈችው።

ጎረቤትየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከአጥራቸው በላይ አንገታቸውን አስግገው ሁሉን ሲከታተሉ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ የሰው ነገር አልወድም» ብለው ጀመሩና ግማሽ ሰዓት አወሩ። «ጠዋት ተናንቀው ነበር። ሟቹ ግንበኛውን ኮሌታውን ይዞ ‹አትዋሽ! ደግመህ ለካ!› ይለዋል። ኮንክሪቱ አምስት ሰዓት ላይ ፈስሶ አለቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ግንበኛው ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ መጥረጊያ ይዟል። ከዚያ በኋላ ሸለብ አደረገኝ።»

መርፌ ፖሊስ መኪናው ውስጥ ገብታ ውሃልክ አጠገብ ተቀመጠች። መሀረቧን ሰጠችው።

«በመጥረጊያው ምን ሠራህ?»

«ሻካራ እንዲሆን ፊቱን... በመጥረጊያ ነው የምንጭረው» አለ ደም እየዋጠ። «ከጋራዡ ጀምሬ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ በበሩ ወጣሁ። የራሱን ሥራ የሚረግጥ ግንበኛ አለ እንዴ?»

«ውሃ መቼ ነው የሚጠጣው?»

«ነገ ጠዋት። ዛሬ ውሃ ከነካውማ ፊቱ ታጥቦ ጠጠሩ ያገጥጣል።»

«ጠዋት ደግመህ ለካ ያለህ ምኑን ነው?»

«የጋራዡን ደጃፍ። ‹አሮጌውን ሳላፈርስ ለክቼዋለሁ፤ ዳገቱ የሚጀምረው ከታች ነው፤ የላይኛው ሦስት ሜትር ልክ ሜዳ ነው፤ እንደነበረ ላድርገው ወይ?› ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳው ሥር ሳይፈርስ የቀረ ቁራጭ አለ፤ እዚያ ላይ ደጋግሞ አስለካኝ። ከዚያ ኮሌታዬን ለቀቀና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ለምን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ?»

መርፌ ግን አወቀች። 

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ታናሽየው ከኋላዋ ቆሟል። ጎረቤትየው ሽማግሌ በሩን ተደግፈዋል። ውሃልክ እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ይዟል።

«ከጉንጩ እንጀምር» አለች መርፌ። «በሟቹ ጉንጭ ላይ የመጥረጊያ መስመር ታትሟል። ስለዚህ የወደቀው ውሃልክ እዚያ ቦታ ላይ ሥራውን ጨርሶ ወደ በሩ ከወረደ በኋላ ነው። ተመልሶ ወጥቶ ቢመታው ኖሮ ኮንክሪቱ የእግሩን ዳና ይነግረን ነበር። ከበሩ እስከ ሬሳው አንድም ዳና የለም። ያለው የሟቹ ዳና ብቻ ነው፤ ከዚህ ከጋራዡ ሦስት እርምጃ ተንገዳግዶ ወጥቷል። የተመታው እዚህ፣ አሁን በቆምንበት ነው። ፌሮው የተወረወረው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው።»

«እዚህ የደም ጠብታ የታለ?» አለ ታናሽየው።

«ታጥቧል። ያጠበው ሰው ውሃውን ወደ ውጭ ለቀቀው። ኑ እዩት። ከደፉ ጀምሮ ጠጠሩ አግጥጦ ወጥቷል፤ የመጥረጊያው መስመርም እዚያ ጋ ጠፍቷል። ውሃው የፈሰሰው ከመጥረጊያው በፊት ቢሆን ኖሮ መጥረጊያው በላዩ ያልፍበትና መስመር ይኖር ነበር። የለም። ስለዚህ ውሃው የተደፋው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። ከእንግዲህ አንቱታ የለም። «አንተ ግን ሰባት ሰዓት ላይ አጠጣሁት፣ ከዚያ ወዲያ የነካው የለም አልከኝ። ግንበኛ ትኩስ ሥራው ላይ ውሃ ከሚደፋ እጁን ቢቆርጡት ይመርጣል። እንዲህ የሚሳሳተው ኮንክሪት ውሃ ይወዳል ሲባል የሰማ፣ መቼ እንደሚወድ ግን የማያውቅ ሰው ነው። በጓሮ በር ገብተህ በጓሮ በር ወጣህ።»

«ምን ቆርጦኝ ወንድሜን እገድላለሁ?!»

መርፌ የግንበኛውን ውሃ ልክ አነሳችና ግድግዳው ሥር በቀረው አሮጌ ቁራጭ ላይ፣ በመግቢያው አቅጣጫ አጋድማ አስቀመጠችው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው የውሃ አረፋ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እህቴ፣ ነይ እዪ። መኪናዋ ቆማበት የነበረው ይሄ ነው። ሜዳ ነው። ለዓይን ዳገት ይመስላል እንጂ ሜዳ ነው። እንኳን ልሙጥ ኮንክሪት፣ ቅቤ የተቀባ ቢሆን የቆመች መኪና በገዛ ራሷ ከሜዳ አትንሸራተትም። የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ሳያይ፣ ወደ ኋላ የነዳት ሰው አለ። ባልሽ ይህን ዛሬ ጠዋት አወቀ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወንድሙን እዚህ አቁሞ ጠየቀው። ምን አለህ?»

መልሱ ዱላ ነበር። ታናሽየው ግድግዳው ሥር ከተከመረው ፌሮ አንዱን መዝዞ ወረወረባት፤ ጆሮዋን ሸርፎ አለፈ። ሌላ መዝዞ ውሃልክ ላይ ዘለለ። ሰውዬው የታሰረ እጁን ሲያነሳ የክንዱ አጥንት ቀጭ ብሎ ተሰማ። ሳጅኑ ታናሽየውን ከኋላ አንገቱን አንቆ ጣለው፤ ተነሳ፣ በክርኑ የሳጅኑን አፍንጫ ሰበረ። ሽማግሌው «ኧረ በሕግ!» እያሉ በርጩማውን አንስተው ትከሻው ላይ አሳረፉበት። ሁለት ፖሊሶች ተጋግዘው በደረቱ አስተኙት፤ ጉልበታቸውን ወገቡ ላይ ተክለው እጁን ጠፈሩት።

«ለእሷ ዛሬውኑ ንገራት አለኝ!» ብሎ አለቀሰ። «አንተ ካልነገርክ እኔ እነግራታለሁ አለኝ። እንዴት ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ጀርባውን ሲሰጠኝ... አላወቅኩም፣ እጄ ነው!»

ሚስትየው ወደ እሱ ሄደች። ፖሊሶቹ ሊያግዷት ሲሉ መርፌ በዓይኗ ከለከለቻቸው። ፊቱ አጠገብ ተንበረከከች።

«ልጄ ከኋላህ ነበረች። ጠርታህ ነበር?»

ፊቱን አዞረባት።

«ጠርታህ ነበር ወይ?»

«ዘፈን ከፍቼ ነበር» አለ።

አልመታችውም። አገጩን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የገደልኳት እያልኩ ደረቴን ስደቃ፣ እጄን ይዘህ ‹ይበቃሻል እቴ፣ ይበቃሻል› ትለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺ አይደለሽም› አላልከኝም።»

ከዚያ ተነሳች። «እኔ አይደለሁም» አለች በቀስታ። ሽማግሌውን አየች፣ ውሃልክን አየች፣ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰፈር ሁሉ አየች። «እኔ አይደለሁም እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ለልጇም ለባሏም ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ።