ባትሪው በእጁ ነበር

«ኤልሳዕ፣ መብራቱን ቀንሰው እንጂ። ዓይናችንን ልታጠፋ ነው?»

ይህን ያልኩት በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ፣ ጎረቤቴ በሆነው በእነኤልሳዕ ግቢ ውስጥ ወደቆመው ሚኒባስ ነው።

«እኔ እዚህ ነኝ፣ እትዬ ፋንታዬ» አለኝ ከኋላዬ... ባትሪውን ታቅፎ።

«ታዲያ ማነው ያበራው?»

ባትሪውን ወደ እኔ አስጠጋው።

ያጋነንኩ የሚመስለው ሰው ሶዶ ይምጣና ሚኒባሱን ይየው፤ አሁንም እዚያው ቆሟል። ያን ዕለት ቅዳሜ ነበር፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ከቤሌ ከተማ የሚመጣው አውቶብስ ገና መግባቱ ነበር።

«የመብራቱ ባትሪ ይሄ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ቻርጅ አስደርጌው መምጣቴ ነው...»

መብራቱ ግን ቦግ ብሏል።

መጀመሪያ ንዴቴን ልናገር። ኤልሳዕን ዳዴ ሲል ጀምሮ አውቀዋለሁ። አልጋና ምድጃ የተገጠመለት አሮጌ ሚኒባስ ገዛና ለቱሪስት አከራየዋለሁ አለ። ቱሪስቱ እስካሁን መንገድ ላይ ነው መሰለኝ። በመጨረሻ ምን አሰበ? የእናቱን የእማማ ዓመለወርቅን ክፍል ለተከራይ ሰጥቶ፣ እሳቸውን ሚኒባሱ ውስጥ ሊያስተኛ። ሟች አባቱ ጋሽ ዳልጮ በገዛ እጃቸው ከሠሩት ቤት አውጥቶ።

ሳምንቱን ሙሉ የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ኤልኢዲ መብራት ሲለጥፍ ከረመ። ማዞሪያም አለው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይደምቃል፣ ወደ ግራ ይደበዝዛል። እማዬ ተኝታ እንደፈለገች ታዞረዋለች ይለኛል። ላምም ለገበያ ስትነዳ ሣር ያሳዩአታል አልኩት።

የጋሽ ዳልጮን ፋኖስ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ለቆራሌው ሰጠው። አዲስ መብራት እያለ ምን ይሠራል ብሎ።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ጋሽ ዳልጮ ሲቆጡ አይጮሁም ነበር። የፋኖሱን ብርሃን ቀስ... ቀስ... እያሉ ዝቅ ያደርጉታል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ጥፋት የሠራው ልጅ ብቻውን ገብቶ ፊታቸው ይቀመጣል። ያ ልጅ ሁልጊዜ ኤልሳዕ ነው፤ ሌላ ልጅ የላቸውማ።

በእነኤልሳዕ ግቢ በር ዞረን ገባን። የሚኒባሱ በር ገርበብ ብሏል።

ማዞሪያው... ማንም ሳይነካው... ወደ ግራ ዞረ።

መብራቱ ዝቅ አለ። ትንሽ ቆየ።

ደግሞ ዝቅ አለ።

«ሽቦው ነው» አለ ኤልሳዕ።

ሽቦው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ጫፉ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ላምባ ሸተተኝ። የፋኖስ ላምባ።

ለእናቱ የተነጠፈው አዲሱ ፍራሽ፣ ጠርዙ ላይ ጎድጎድ አለ... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሆነው።

ንዴቴ አሁንም አልበረደም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሆዴ «ይበሉት፣ ጋሽ ዳልጮ!» ብያለሁ።

እማማ ዓመለወርቅ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ከቤት ወጡ። በልጃቸው ትእዛዝ ወደ ሚኒባሱ ሊዛወሩ ነበር።

እየደበዘዘ ያለውን መብራት አዩት። አልደነገጡም። ፌስታሉን ለእኔ አቀበሉኝና ወደ ክፍሌ መልሺልኝ አሉኝ።

ኤልሳዕ ክንዳቸውን ያዘ። ባትሪው ከእቅፉ ወድቋል።

«እማዬ... ምን ላድርግ?»

መብራቱ የክብሪት ጭላንጭል አክሏል። ገርበብ ያለው በር ከውስጥ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«እንደ ድሮው ነዋ» አሉት። «ግባ። አባትህ መጠበቅ አይወድም።»