የማይወድቀው ሽማግሌ

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፍ ነበር። ግን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ደግሞ ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ገና ግቢውን አልለቀቀችም።

የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ ጋሽ ሾፌር የምንላቸው አባት ነበሩ። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። አሥር ሰዓት ሲሆን ከዘራቸውን ይዘው ይወጡና መስኮታቸው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። "ተሳፋሪ ካለ ይግባ!" እያሉ ያስቁናል።

አንድ ቀን ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ በፋሻ ታሰረ።

ልጃቸው እያለቀሰች መጣች። "እባክሽ እህቴ፣ አባቴ ሁለተኛ እንዳይወድቅብኝ!"

አንጀቴን በላችው። ኃላፊያችን ሲስተርም "ከአልጋ እንዳይወርዱ!" ብላ አዘዘች። ከዘራቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። የአልጋውን የጎን ብረት በራሴ እጅ ከፍ አደረግኩ።

እውነትም አልወደቁም። መብላትና መቀለድ ግን ተዉ።

በአራተኛው ቀን፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ብረቱ እንደተነሣ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ለብሰዋል። ነጠላ ጫማቸው ግን...

እርጥብ አፈር ይዟል።

"ጋሼ... ወጥተው ነበር እንዴ?"

"እኔ አልወድቅም" አሉኝ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ተተክሏል።

ያኔ ነው ከብርድ ልብሱ ያወጡትን እጃቸውን ያየሁት።

ፋሻው ግራ እጃቸው ላይ ነው።

ሻዩን ላስቀምጠው ልድፋው አላውቅም፤ ብን ብዬ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አበደች ብባልስ?

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ቀኝ እጃቸው ላይ ነበር። በደህናው እጃቸው ያዙኝና አንሾካሾኩ።

"ልጄ... አውጪኝ።"

"ቢወድቁስ ጋሼ?"

"ብወድቅ እነሣለሁ። አልጋዬን ግን... ሌላ ሰው እየለመደው ነው።"

ከሥራ ብባረርም ልባረር አልኩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ብረቱን አወረድኩ፤ ከዘራቸውን ሰጠኋቸው። ደግፌያቸው ቀስ በቀስ አግዳሚው ወንበር ጋ ደረስን።

ፀሐይዋን ሞቁ። ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አሉ።

"ተሳፋሪ ካለ ይግባ..."

እንባዬ መጣ።

ድንገት ክንዴን ጨመቁኝ። "ወደ መስኮቱ እንዳታዪ።"

አየሁ።

የአልጋው ብረት ተነሥቷል። እኔ ባዶውን ትቼው የወጣሁት አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ የለበሰ ሽማግሌ ተኝቷል።

ልጃቸው አጠገቡ ተቀምጣለች። ልትጠይቃቸው መጥታ ነው። ግንባሩን እየዳበሰች ትስቃለች። አባቷ ከወደቁ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ጋሼ... ልጥራት?"

"ተያት" አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "እሷ የፈለገችው እሱን ነው። እሱ አይወድቅም።"

የተኛው አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ እኛ አዞረ።

ከዚያ ፋሻ የታሰረበትን ግራ እጁን ዘረጋና... መጋረጃውን ዘጋው።