የቅሬው ጤፍ

የመርሳው ቅሬ መጋዘን ማለዳ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጓጉንቸሩ ተሰብሯል። ለለቅሶ ቤት ተብሎ ከእድሩ አባላት የተዋጣው ጤፍ ከነጆንያው የለም።

ሰፈሩ ሌባ ለመሰየም አልዘገየም፤ አሚና ናት አለ። ባሏ የሞተባት ይህች ሴት በዚያው ሳምንት ስለ ኑሮ ውድነት በተላለፈ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀርባ፣ ልጆቿ ጦም እንደሚያድሩ እያለቀሰች ተናግራ ነበር። የራበው ይሰርቃል፤ ማስረጃው ይኸው ብቻ ነው። የቅሬው ዳኛ እስከ ጁምዓ ሌላ እውነት ካልተገኘ ከቅሬ እንደምትወጣ አስታወቁ። እናቷ በጽኑ ታማ ተኝታለች። ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ሬሳ የሚያነሣለት የለም።

ምርመራው ለዋና ሳጅን ነሲባ ተሰጠ። የአሚናን ቤት ፈተሸች፤ የሚላስ የሚቀመስ አላገኘችም። ባለጋሪው አሚር በጨለማ ጭነት ሲያመላልስ ታይቷል ተባለ፤ ሽንኩርት ወደ ውርጌሳ ሲያደርስ እንደነበር ገበሬዎቹ መሰከሩለት።

ነሲባ ዝግጅቱን በስልኳ ከፍታ ደግማ ተመለከተች። ሰው ሁሉ የአሚናን እንባ አይቶ ነበር። እርሷ ቀጥሎ ያለውን አየች። የመጋዘኑ ጠባቂ ጋሼ ዑበይደላ ጋዜጠኛዋን ያስጎበኛሉ፤ ኑሮ ቢወደድም የሟች ቤት እንደማይራብ ይናገራሉ። ወዲያው የእንግዳዋ መቆም ከበዳቸውና አንዱን ጆንያ በአንድ እጃቸው አንሥተው ላዩ ላይ አስቀመጧት። ጆንያው ከሥሯ ሰመጠ።

አስጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ በእኛ አገር እንግዳ እህል ላይ ይቀመጣል?»

«አስተግፊሩላህ። እህል ላይ ማን ይቀመጣል፣ ልጄ? ነውር ነው።»

ስልኩን አቀበለቻቸው። ሽማግሌው አይተው ስልኩን መለሱላት።

«ሙሉ ኩንታል በአንድ እጅ አነሡ። ምን ነበረበት?»

«ገለባ።»

ከዚያ ወዲያ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ጤፉን ዋጋው ሲንር ሸጠውት ኖሯል፤ አዝመራ ሲደርስ በርካሽ ገዝተው ሊተኩ፣ ትርፉን ሊያስቀሩ። ዋጋው ግን አልወረደም። ካሜራ እንደሚመጣ ሲሰሙ ጆንያውን ገለባ ሞሉት። ኋላም ለቅሶ ቢመጣ እንዳይጋለጡ ገለባውን ለከብቶቻቸው አበሉና ጓጉንቸሩን ራሳቸው ሰበሩ።

«አሚናስ?»

«እኔ ስሟን አላነሣሁም። ሰው ነው ያላት።»

«ሰው ሲላት አንቱ ዝም አሉ።»

ጁምዓ ከሶላት በኋላ የቅሬው ዳኛ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ከአሚና ደጃፍ ቆሙ። በድለንሻል፣ አፉ በይን አሏት። ከቅሬ የሚያስወጣት እንደሌለም ነገሯት።

«አፉ ብያለሁ» አለች። «ግን እወቁት። ሌባ ያላችሁኝ እህል ስለጠፋ አይደለም፤ መራቤን አደባባይ ስላወጣሁ ነው።»

ከውስጥ እናቷ ውኃ ስትጠይቅ ተሰማች። አሚና እንደቆሙ ትታቸው ገባች።