ስድስት መቶ ዘጠና አራት ቀን

እኩለ ቀን ላይ «መርፌ» የልብስ ማጠቢያ ቤቱን በር ገፍታ ገባች። ከባንኮኒው ጀርባ ልብስ የሚተኩሰው ሰው እንደ እሷው በምስጢር ስም የሚጠራው «ካውያ» ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የስለላ ወረቀቶቿን ለአለቆቿ፣ ለማዕከል፣ ያሻገረላት እሱ ነው።

ኮቷን አወረደላት።

«ያለፈው ሳምንት ስሌትሽ ደርሷል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የማዕከል ባለሙያዎች አመስግነውሻል።»

«ስህተት አላገኙበትም?»

«የምን ስህተት! ስድስት መቶ ዘጠና አራት ቀን፣ ልክ ነው ብለዋል።»

ልክ አልነበረም።

መርፌ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አውቃ ትሳሳታለች። ማዕከል ስህተቱን አይቶ «ይታረም» ሲላት ነው ትክክለኛውን በስልክ በቃል የምትናገረው። ካውያ ይህን አያውቅም። ያሁኑ ስህተት ደግሞ ዓይን የሚወጋ ነው። መሥሪያ ቤቷ የሚያመጥቃት፣ በአዮን ሞተር የምትገፋው መንኮራኩር ስትነሳ አንድ ሺህ ኪሎ ትመዝናለች፤ መርፌም የመንኮራኩሯን የጉዞ ቀናት ክብደቷ እስከ መጨረሻው የማይቀንስ አስመስላ አሰላች። መንኮራኩሯ ግን ጋዟን በተፋች ቁጥር ትቀላለች፣ በቀለለች ቁጥር ፍጥነቷ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ይህ የሚያመልጠው ባለሙያ የለም።

ወረቀቱ ማዕከል አልደረሰም ማለት ነው።

ታዲያ ማን እጅ ገባ?

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ሻይ ላስመጣልሽ» አላት ካውያ።

በሦስት ዓመት አንድም ቀን ቁጭ በይ ብሏት አያውቅም።

«እጄን ልታጠብ» አለችው። በተሰቀሉት ሸሚዞች መሃል አልፋ በጓሮ ወጣች። የፊቱ በር ተበርግዶ ከባድ ጫማዎች ሲገቡ ሰማች።

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

ሁለት መንገድ ተሻግራ የሕዝብ ስልክ አነሳች።

«አምስት መቶ ሰባ ሁለት ቀን» አለች። «ካውያ ከድቷል።»

ተቀባዩ ደግሞላት ዘጋ። በቃ፣ የተሳሳተው ወረቀት በኋላ ቢደርሰው እንኳ ማዕከል በአራት ወር አይታለልም። ደንቡ አንድ ጥሪ ብቻ ይላል፤ ሁለተኛው ያስይዛል።

ስልኩን አላስቀመጠችም፤ የመሥሪያ ቤቷን ቁጥር መታች።

በመሥሪያ ቤቷ እያንዳንዱን ስሌት ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ ይሠራሉ። የባልደረባውን ክህደት ቀድሞ ያላመለከተ አብሮ ይታሰራል። ከጀርባዋ የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው፤ በዚያ ከተማ «ልጄ» የሚሏት ብቸኛ ሰው። «የዚች ሞተር ግፊት ግማሽ እንቁላል አያነሳም» ይሏት ነበር፤ «ግን አታርፍም። ቁርጥ አንቺን!»

«የት ጠፋሽ ልጄ? ምሳ ሳልበላ እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ጋሼ፣ መሳቢያዬን ይክፈቱ። ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማስረጃው እዚያ አለ። አሁኑኑ ለጥበቃ ይስጡ፣ ሳይቀድሙዎት።»

መሳቢያው ሲሳብ ሰማች።

«የሰጠሻቸው ስሌት» አሉ በመጨረሻ፣ «ክብደቱን በየቀኑ ቀንሰሻል?»

«ቀንሻለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልክ ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ ሂጂ። ወደኋላ እንዳትዪ።»

ከሰዓት በኋላ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ ነበረች። ፎቶዋ ነገ በየኬላው ይለጠፋል፤ ማዕከልም ፊቷ የታወቀ ሰላይ አያሠራም። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ብርቱካን ልጠው አካፈሏት።

«ዘመድ ጋ ነው?»

«አዎ።»

«ስትደርሺ ደውዪላቸው፣ ያስባሉ።»

«እሺ» አለች።