የተቆረጠችው መስመር

ፕሮፌሰር ሎይስ ታንበርግ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎቻቸው ምርጫ ማስፈጸምን በሚለማመዱበት ክፍል፣ በኮሮጆዎቹ መካከል ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የቀዘቀዘ ሻይ ነበር። ከኩባያው ሥር በራሳቸው እጅ፣ በጥቁር ቀለም የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ተገኘች፦ «ደክሞኛል። ከእንግዲህ አልችልም። ይቅርታ።»

መርማሪ ሎርና ባከን ብጣሿን አገላብጣ አየቻት። ከላይም ከታችም በመቀስ ተቆርጣለች። ሊሞት የቆረጠ ሰው መቀስ ምን ያደርግለታል ስትል አሰበች፤ ለአለቃዋ ለከርት ግን ትንፍሽ አላለችም። ከርት ቀድሞ ከሥሯ ሲሠራ የነበረ፣ ባለፈው ጸደይ ዘሏት የተሾመ ልጅ ነው። ነገሩ እስከ ዛሬ እንደ ቃር ያቃጥላታል።

«ሻዩ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አለ፤ ብልቃጡ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም» አለ ከርት። «ሰው ነው የሰጣቸው ማለት ነው። ያፈላችው ያቺ ተማሪ ናት። እስከ ማታ ሌላ ስም ካላመጣሽ እሷን አስራለሁ።»

ያቺ ተማሪ ማሪቤል ኦሮስኮ ናት። የፊታችን ማክሰኞ፣ በእውነተኛው ምርጫ፣ የአንድ ጣቢያ ኃላፊ እንድትሆን የመረጧት ሟቿ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

«መምህራን ማረፊያ ነው ያፈላሁት» አለች። «እናቴ ስትደውልልኝ አምስት ደቂቃ ወጣ አልኩ። እዚያ ማንም ይገባል ይወጣል።»

ሎርና ወደ ሁለተኛው ተማሪ፣ ወደ ቶቢን ሄስ ዞረች። «አንተስ? ኃላፊነቱ ለእሷ ሲሰጥ ቀናህ አሉ።»

«ቀናሁ እንጂ! መመሪያውን እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። የብስክሌቷን ጎማ አስተንፍሻለሁ፤ ሰው ግን አልገድልም።»

«አንተ ነህ?» ጮኸች ማሪቤል። «አንተ ምቀኛ! በዝናብ በእግሬ ያስኬድከኝ!»

ሎርና ሳቋን ዋጠች። እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚናገር ቅናት ብዙም አያስፈራም።

ሦስተኛው ሰው ፕሮፌሰር ኤልድን ክሮግ ናቸው፤ ቢሯቸው ከመለማመጃው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። «የምርጫ ማስፈጸም ትምህርቱን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ዐሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት ለሎይስ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም።»

«አልከፋዎትም?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ደስ ብሎኝ ነው ያስረከብኳት።» ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ ሎርና ታውቀዋለች። ለከርት ሹመት ኬክ ሲቆረጥ እሷም እሱኑ ለብሳ ቆማ ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ወደ መለማመጃው ክፍል ጠራቻቸው። «ፕሮፌሰሯን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁበትን ሰዓት ጻፉልኝ» አለች።

ማሪቤልና ቶቢን ማንም ሳያዛቸው እስክሪብቶዎቻቸውን በሩ ላይ ካለው ቅርጫት ውስጥ ጣሉና ከጠረጴዛው ቀይ ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። ክሮግ ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን አውጥተው መጻፍ ጀመሩ።

«ፕሮፌሰር!» አለች ማሪቤል ሳታስበው። «ጥቁር እኮ እዚህ አይገባም!»

ክሮግ ቀና አሉ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«የድምፅ መቁጠሪያው ማሽን ቀይ ቀለም አያነብም። ሠራተኛው መራጩ በሰጠው ወረቀት ላይ ምልክት እንዳይጨምር እዚህ ቀይ ብቻ ነው የሚያዘው። ሕጉን ያወጡት ፕሮፌሰር ታንበርግ ናቸው፤ የራሳቸውንም ሁልጊዜ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉ ነበር።»

«ዛሬም እዚያው ነው፤ አይቼዋለሁ» አለች ሎርና። «ስለዚህ ብጣሿ እዚህ አልተጻፈችም። ከላይም ከታችም ተቆርጣለች፤ ከደብዳቤ የወጣች ናት። ይቅርታውም ላኮረፈ ሰው የተጻፈ ይመስላል። እነዚህ ልጆች ጥቁር ቀለም እዚህ ሲያዩ እንዴት እንደሚደነግጡ አሁን አያችሁ። ይህችን ጽሑፍ እዚህ የሚያስቀምጥ፣ ሕጉን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ክሮግ ዞረች። «አንድ ቀን ገብተው ከኋላ ቢቀመጡ ኖሮ ያውቁት ነበር። ቅናትዎ እስከ ዛሬ ደጁን አላስረገጥዎትም፤ ያጋለጠዎትም እሱው ነው። የደብዳቤው ቀሪ የት አለ?»

«ምን ደብዳቤ?»

«እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ቀናተኛ ሰው አይጥለውም፤ እያወጣ ያነበዋል። አውቀዋለሁ።» ወደ ከርት አላየችም።

የክሮግ እጅ ሳይታወቃቸው ደረታቸውን ዳሰሰ። ከርት ከኪሳቸው ሁለት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። የላይኛው «ውድ ኤልድን፣ በዚህ ኩርፊያ» ይላል፤ ከብጣሿ ጋር ሲገጥም «በዚህ ኩርፊያ ደክሞኛል» ሆነ። ከታች የተቆረጠችውን መስመር ሎርና ጮክ ብላ አነበበቻት፦ «በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን አብረን እናስተምር፤ ያላንተ ጎዶሎ ነው።»

«ልታካፍለኝ!» አሉ ክሮግ። «የራሴን ለራሴ ልታካፍለኝ! ልጆቹ ስሟን እየጠሩ ሲስቁ ሦስት ዓመት ሙሉ በግድግዳ ሰማሁ። የእኔ ነበሩ እኮ!»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የክሮግን ግን እስክሪብቶ አወጣው። ከርት እጃቸውን አስሮ ወሰዳቸው። ማሪቤል እያለቀሰች ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጥቁር እስክሪብቶ አንሥታ ቅርጫት ውስጥ፣ ከመምህሯ እስክሪብቶ ጎን ጣለችው።

«ማክሰኞ ጣቢያው ይከፈታል?» አለ ቶቢን ቀስ ብሎ።

«ኃላፊዋን ጠይቃት» አለች ሎርና።

«ይከፈታል» አለች ማሪቤል ዓይኗን እየጠረገች። «አንተ ግን መጀመሪያ ጎማዬን ትነፋለህ።»

ውጭ ከርት ክሮግን መኪና ውስጥ አስገብቶ በሩን ሲዘጋ ሎርና ደረሰችበት። «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

«ያገኘሽው አንቺ! ለእኔ ስለ ምኑ?»

«ስለ ሹመቱ» አለች። «በጊዜው ሳልልህ ቀርቼ ነው።»