ማህተም ያረፈበት ባዶ ቦታ

የመጋዘን ጠባቂው የአቶ ምሳው ሬሳ የተገኘው ከእህሉ ክምር ሥር፣ እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደተኙ ነው። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ራስጌያቸው ላይ ለነቀዝ ማጥፊያው ክኒን የታተመው መመሪያ ነበር። ክኒኑ በዝግ ቤት ሰው የሚገድል ጋዝ እንደሚያወጣ ሰቆጣ ውስጥ ከማንም በላይ የምታውቀው መመሪያውን የጻፈችው ልጃቸው ባንቺ ናት። በ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ክረምት፣ በዚያው ጠዋት፣ እጇን ለፖሊስ ሰጠች።

«አባቴን የገደልሁት እኔ ነኝ» አለች ዐይኗ ደርቆ። «ማስጠንቀቂያውን ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።»

ኢንስፔክተር ታይቱ ቶሎ የምታምን ሴት አይደለችም፤ ተጠርጣሪ ሲያምንላት ደግሞ ይብሱን ትጠራጠራለች።

«ስንት ጽሑፍ ነው ያለው?»

«አንድ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውም ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም ከእሱው ነው የሚወጣው።»

«ታዲያ ከአንድ እናት እንዴት ሁለት ዓይነት ልጅ ወጣ?»

ባንቺ የምትሠራበት የግብርና ቢሮ ኃላፊ አቶ መንግሥቴ ቀድመዋት መለሱ። «ለኅትመት ስታዘጋጀው አጥፍታው ይሆናላ! እኔ እንደሆንሁ ከታተመ በኋላ ዐይቼው አላውቅም።»

የቢሮው አታሚ ምንይሉ መሬት መሬቱን እያየ «ማሽኑ የተሰጠውን ነው የሚያትም» አለ።

ታይቱ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። መሐሉ ላይ ጥቂት መስመር የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ክቡ ማህተም ያረፈው እዚያ ላይ ነው። የተረፉትን ወረቀቶች አስመጥታ አገላበጠች። ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

ከቀብር መልስ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ምንይሉ፣ እስቲ አሁን አትም።»

ኮምፒውተሩ ላይ ማስጠንቀቂያው በቀይ መደብ ላይ በነጭ ፊደል ደምቆ ይታያል። ወረቀቱ ግን መሐሉ ባዶ ሆኖ ወጣ።

«ማንም አላጠፋውም» አለች ታይቱ። «ማሽኑ ቀዩን መደብ አያትምም፤ ነጩ ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ጠፋ። ባንቺ፣ ቀዩን ማን መረጠ?»

«እኔ ‹ማስጠንቀቂያ› የሚል ምልክት ብቻ እንስጠው፤ ኮምፒውተሩም ወረቀቱም እንደየአቅሙ ያጉላው ብዬ ነበር። ጋሼ መንግሥቴ ሥራችንን ሊጎበኙ ለሚመጡት እንግዶች ቀይ ያምራል አሉ።»

«መሳሳት ወንጀል ነው እንዴ?» አሉ መንግሥቴ።

«አይደለም። ግን ማህተም የሚመታው ከፊርማ ጎን ነው። እዚህ መሐል የመታው ሰው ባዶውን ዐይቷል፤ ሊሸፍነውም ፈልጓል። የማህተሙ ሣጥን ቁልፍ ያለው ማን አንገት ላይ ነው?»

መንግሥቴ አንገታቸውን ዳበሱ። «እንግዶቹ ደጅ ደርሰው ነበር… ማን ልብ ይላል ብዬ…»

«አባቴ ማህተም ያለበትን ወረቀት አይጠራጠርም» አለች ባንቺ። «ክኒኑን በትን ሲለው በተነ። በሩን ዝጋ ሲለው ዘጋ። ውጣ የሚለው ከማህተምዎ ሥር ቀረ።»

መንግሥቴን ፖሊስ ወሰዳቸው፤ ባንቺ ነፃ ነሽ ተባለች። ነፃነቱ ምንም አልመሰላትም።

«ወረቀቱ ሌላ የት ተልኳል?» አለች ታይቱ።

«ፃግብጂና ሰሃላ።»

ፃግብጂስ ስልክ አለ፤ ሰሃላ ወዳሉት መጋዘኖች ግን መኪና አይገባም፤ ስልክም የለም። ታይቱ በእግር የሚሄዱ ፖሊሶች ልትልክ እየሮጠች ወጣች። ባንቺ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ቀዩን አነሳች፤ ‹ማስጠንቀቂያ› የሚለውን ምልክት አስገባች። ምንይሉ አተመ።

በጥቁር ሣጥን ውስጥ «እህሉ ባለበት ቤት ማንም አይደር» የሚል ወጣ። ባንቺ አነበበችው። እሪ ብላ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።