ወፍጮው የቆመ ቀን

የፊሽካ አጎት ፊቱን አዙሮ አለፈ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው «እንዴት አደርክ?» ብለውት ነበር፤ መልስ ሲያጡ ወደ ስፌታቸው አቀረቀሩ። ከኋላ የነበረችው ፊሽካ ሁለቱንም አየችና ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ፊሽካ፣ ድምጿ ስለቀጠነ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዝም ስትል የታየችው ግን ገና በዚህ ሳምንት ነው።

ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ማዶ የቀረ ዘመድ የሌለው ሰው አልነበረም። ራዲዮ ጠጋኙ አጎቷ ከአሮጌ ዕቃ ማሰራጫ ገጣጠመና፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሉ፣ ያለ ፈቃድ፣ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤተሰብ ሰላምታ ያስተላልፍ ጀመር። አንባቢዋ ፊሽካ ነበረች። የማን ጉልበት እንደተሻለው፣ የማን ልጅ እንደወለደች፣ የሕፃኑ አፍንጫ ቁርጥ ማንን እንደሆነ ታነባለች። ጣቢያው የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ጉንፋን እንኳ ከዚያ በላይ ይቆያል።

አጎቷ አደራ ያላት የት እንዳሉ የሚጠቁም ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መብራት ጠፋ። ማሰራጫው በባትሪ ይሠራል፤ ወፍጮው ግን ጸጥ አለ። ፊሽካም ደስ ብሏት «ዛሬ ወፍጮው ስለቆመ ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል» አለች። አጎቷ ጣሪያ ላይ አንቴና እያስተካከለ ስለነበር አልሰማትም። በከተማው ያለው ወፍጮ አንድ ነው። በማግስቱ ጠዋት የድንበር ጠባቂዎች መጥተው ዕቃውን ከነወረቀቱ ጭነው ሄዱ። እሱንም ሦስት ቀን አሰሩት።

ሲፈታ የጠቆሙት ልብስ ሰፊው ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ሰላምታዬ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል ብለው አኩርፈው ነበርና። ሃያ ዓመት ምሳ አብረው በልተዋል። ሰፈሩም አመነው፤ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ እንኳ ጠፋ። ፊሽካ ግን ማዶ ላለችው እህታቸው የጻፉትን ታውቃለች። የሚነበብበት ተራ የአሥረኛው ቀን ነበር። አሥረኛው ቀን የለም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጎቷ ባዶውን ጠረጴዛ እየወለወለ «ያ ሰውዬ» ብሎ ጀመረ።

«እሳቸው አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ስለ ወፍጮው ነገረችው። መወልወያውን እንደያዘ ቆመ። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢጮህ በተሻላት።

«እኔ አሁን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» አለ።

ፊሽካ ወጥታ የልብስ ሰፊውን በር ገፋ አደረገች። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ቀና አላሉም፤ ደንበኛ ካዩ ሰነባብተዋል።

«ጋሼ፣ ሳልቀመጥ የምነግርዎት አለኝ።»

ወንበሩን አመለከቷት። አልተቀመጠችም። አጎቷ ተከትሏት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቀርቷል።